የኦሞ አያቶችና የተለዩአቸው የልጅ ልጆች

በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር የሰፈረው የካራ ሕዝብ፣ እንደ ጎረቤቶቹ እንደ ሐመርና እንደ በና ሁሉ፣ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለውን ሕፃን፣ መንትያ ሆኖ የተወለደውን፣ የጋብቻው ሥርዐት ሳይፈጸም የተፀነሰውንም «ሚንጊ» ብሎ፣ በማኅበሩ ላይ ድርቅና መቅሠፍት ያመጣል በማለት ለሞት አሳልፎ ይሰጠው ነበር። ይህን ከጭካኔ ብቻ የመነጨ አድርጎ መቍጠር፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ልማዱን የሚጠብቁት አረጋውያን ስለ ነበሩ፣ የልጅ ልጅን ከሐረገ ትውልድ የሚለየው ቃል የሚወጣው ከአያቶቹ ትውልድ ነበርና፣ ኀዘኑም ፍርሃቱም በአንድ ቤት ያድሩ ነበር።

የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ፣ ከእርሱ በፊት የተወለዱ ሁለት እኅቶቹ በዚሁ ልማድ እንደ ጠፉ በ15 ዓመቱ ከተረዳ በኋላ፣ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ተቀብሎ በጂንካ የሚያሳድግ ቤት አቆመ፤ ካራም በ2004 ዓ.ም. ልማዱን በይፋ ሻረ። የሕፃናቱ ነፍስ ተረፈች፤ ነገር ግን ብዙ ነገድ በሚገናኝባትና አማርኛ መግባቢያ በሆነባት ከተማ ያደገ ልጅ፣ በወንዙ ዳር ከቀረችው አያቱ አጠገብ ሆኖ የሚሰማውን ተረትና የትውልድ ቍጥር ከማን አፍ ይማረው?

ከአያት መለየት በጉዲፈቻ ለተሰጡ ልጆችም የደረሰ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋራ ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ደንግጎ ነበር፤ ባሕር ተሻግረው ለሄዱት የኢትዮጵያ ልጆች ግን ድንጋጌው ከወረቀት እምብዛም አላለፈም። ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ሲከለከል፣ ቀድሞ የሄዱትን ለአያቶቻቸው አልመለሰም።