የነፍሳት በሽታን የመከላከል ችሎታና ለሕክምና ያበረከተው ትምህርት

ነፍሳት ፀረ እንግዳ አካላትን አያመርቱም፤ እንደ ሰው ያለ የሊምፎሳይት ሠራዊትም የላቸውም። ይሁን እንጂ በበሰበሰ ፍራፍሬና በቆሻሻ ላይ፣ በባክቴሪያና በፈንገስ ተከበው ይኖራሉ። ይህ ጽናታቸው ከምን የመነጨ ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ ዘመን ወስዷል።

እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮቭ በሲሲሊ ደሴት፣ በሜሲና ከተማ፣ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክተው ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡት ተመለከቱ። ሕዋሳት ጀርሞችን ውጠው ያጠፋሉ የሚለው ሐሳባቸው እ.ኤ.አ. በ1908 ከፓውል ኧርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ግን የተመራማሪዎች ትኩረት ይበልጥ ወደ ፀረ እንግዳ አካላት አዘነበለ።

ነፍሳትን ወደ መድረኩ የመለሱት ስዊድናዊው ሃንስ ቦማን ናቸው። የአንድ ትልቅ የሐር እራት ሙሽሬ በባክቴሪያ ሲወጋ ደሙ ባክቴሪያ ገዳይ እንደሚሆን አሳዩ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ሴክሮፒን የተባሉትን፣ እያንዳንዳቸው ከ40 ያነሱ አሚኖ አሲዶች ያሏቸውን ፔፕታይዶች አወቃቀር አስታወቁ።

እነዚህ ፔፕታይዶች እንዲመረቱ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 ብሩኖ ለሜትር፣ ዡል ሆፍማንና ባልደረቦቻቸው በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ባደረጉት ጥናት ከመልሱ አንዱን ክፍል አገኙ። ቶል የተሰኘው ዘረ መል ቀደም ሲል የሚታወቀው የዝንቧን ፅንስ ጀርባና ሆድ በመለየት ተግባሩ ነበር። ይህ መሥመር የተበላሸባቸው ዝንቦች አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ በተባለው ፈንገስ ተወርረው አለቁ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቻቸው የግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ መርዝ የማይጎዳቸውን አይጦች መርምረው፣ የተበላሸው ዘረ መል ከቶል ጋር የሚዛመደው ቲ.ኤል.አር.4 መሆኑን ደረሱበት። እነዚህ አይጦች መርዙን ቢቋቋሙም ሕያው ባክቴሪያ ሲያጠቃቸው በቀላሉ ይሞታሉ። ማስጠንቀቂያው ከመጠን ሲያልፍ ይገድላል፤ ሲጠፋም ያስገድላል።

ሆፍማንና ቦይትለር እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ሆኖም ቲ.ኤል.አር.4ን የሚያግደው ኤሪቶራን በከባድ ሴፕሲስ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ሞትን እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ስለዚህ የዝንቧ ትምህርት የበሽታውን ምሥጢር ቢገልጥም፣ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ሕይወት የሚያተርፈው ዛሬም ፈጥኖ መለየት፣ ተስማሚ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ተገቢ ፈሳሽ በወቅቱ መስጠት ነው።