በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው መቼ ነው?

በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ፍርድ ቤት በወንጀል የተከሰሰ ሰው የክስ መቃወሚያው ውድቅ ቢሆንበት፣ ቅሬታውን ይዞ ወዲያውኑ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቢሄድ አቤቱታው ተቀባይነት አያገኝም። ክርክሩ በፍርድ እስኪቋጭ መጠበቅ አለበት።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 181 ይግባኝ የሚፈቅደው ተከሳሹ ጥፋተኛ በተባለበት፣ በተለቀቀበት ወይም ነጻ በወጣበት ፍርድ ላይ ነው። አንቀጽ 184 ደግሞ ቀጠሮ በመስጠት ወይም በመከልከል፣ በክስ መቃወሚያ እንዲሁም በማስረጃ ተቀባይነት ላይ በክርክሩ መካከል በሚሰጥ ትእዛዝ ይግባኝ እንደማይባል ይደነግጋል። ቅሬታው ግን ቀሪ አይሆንም፤ በዋናው ፍርድ ላይ ይግባኝ ሲቀርብ እንደ አንድ ምክንያት ሊነሣ ይችላል። በመሆኑም ተከራካሪው ተቃውሞው በመዝገቡ ላይ መስፈሩን በጊዜው ቢያረጋግጥ ይጠቀማል።

ባለጉዳዮችን በተለይ የሚያሳስተው «ብይን» የሚለው ቃል ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ተከሳሹ እንዲከላከል ብይን ቢሰጥ ክርክሩ ይቀጥላልና ይግባኝ አይባልበትም። በአንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበት ከተባለ ግን መዝገቡ ስለሚዘጋ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ መጠየቅ ይችላል።

የደንቡ ዓላማ መዝገቡ በየትእዛዙ ወደ በላይ ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ክርክሩ እንዳይጓተት ነው። ከደጋው ቀበሌ አዝመራውን ትቶ ለሚመጣ ምስክር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሸክሙ የሚከብደው ግን ታስሮ በሚከራከር ሰው ላይ ነው። ሕጉ ዋስትናን ለብቻው ማየቱ ስለዚህ ተገቢ ነው፤ በአንቀጽ 75 መሠረት ዋስትና የተከለከለ ሰው ዋናውን ፍርድ ሳይጠብቅ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። በአንቀጽ 187 መሠረት ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይግባኝ ማለቱን አስታውቆ የፍርዱን ግልባጭ ይጠይቃል፤ ግልባጩ ከደረሰው በኋላ የይግባኝ ማመልከቻውን በ30 ቀን ውስጥ ያስገባል። ቀኑ ያለፈበት ሰው መዘግየቱ በራሱ ጉድለት አለመሆኑን በጽሑፍ አስረድቶ በአንቀጽ 191 መሠረት የማስፈቀጃ ማመልከቻ ማቅረብ ይችላል።