የመስቀለኛ መንገዶች አሠራርና የእግረኞች ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ኮምቦልቻንና ደሴን አቋርጦ ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰው መንገድ ይገጥመዋል። በመሆኑም የወደብ ጭነት የያዘ ተሳቢ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪ እንዲሁም አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚሄድ አርሶ አደር በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ከሁሉም ይበልጥ ለጉዳት የተጋለጠው እግረኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

መስቀለኛ መንገድን የማሻሻል ዓላማ ሁለት ነው፦ ተሽከርካሪው ሲታጠፍ እንዲያዘግም ማድረግና እግረኛው አስፋልት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍጥነቱ 30 ሲሆን ግን ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። 14 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ ለማቋረጥ ጤነኛ ጎልማሳ 12 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያው ጊዜ በ50 የሚጓዘው መኪና ከ160 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ እግረኛው ሲነሣ በሩቅ የነበረው መኪና ገና መሻገሩን ሳይጨርስ ይደርስበታል። አረጋውያን፣ ልጅ ያዘሉ እናቶችና ሸክም የያዙ ሰዎች ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ዋና ዋናዎቹ የማሻሻያ ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው፦

የመታጠፊያ ማዕዘንን ማጥበብ፦ ማዕዘኑ ሰፊ ከሆነ አሽከርካሪው ፍሬን ሳይዝ ይታጠፋል፤ ሲጠብ ግን ማዝገም ግድ ይሆንበታል። ተሳቢ በሚታጠፍበት ቦታ የኋላ ጎማው እግረኛ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ልኬቱ በጥንቃቄ ይወሰናል።

በመንገዱ መካከል መቆያ መሥራት፦ እግረኛው በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየ በሁለት ዙር ይሻገራል።

ዜብራን ከፍ አድርጎ መሥራት፦ ለተሽከርካሪው ፍጥነት መቀነሻ፣ ለእግረኛው ደግሞ መታያ ይሆናል።

ዕይታን መክፈት፦ የታክሲና የባጃጅ ማቆሚያ እንዲሁም የሸቀጥ መደርደሪያ ከዜብራው ይርቃሉ።

እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ከተማ የተጫነ መኪና ቁልቁል ሲወርድ በቶሎ አይቆምም። በመሆኑም ፍጥነት መቀነሻውና ምልክቱ ከመገናኛው አስቀድመው መቀመጥ አለባቸው።

ሥራው ሁልጊዜ ከፍተኛ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ አበባ በለገሃርና በሰባተኛ መገናኛዎች ላይ በቀለምና በተንቀሳቃሽ መከለያዎች ለእግረኛ የሚሆን ቦታ ከአስፋልቱ ላይ ለይታለች። እንዲህ ያለው ሙከራ ስሕተት ቢገኝ በቀላሉ ይታረማል፤ ጥቅሙ ሲረጋገጥ ደግሞ በድንጋይና በኮንክሪት ቋሚ ይሆናል።

የኮሪደር ልማት ወደ ደሴና ኮምቦልቻም ደርሷል። ማዕዘን፣ ዜብራና መቆያ በንድፍ ወቅት ከታሰበባቸው የሚጠይቁት ተጨማሪ ወጪ ትንሽ ነው፤ አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ግን ማስተካከል ዳግም ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ ነዋሪውና በገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚገባው አርሶ አደር የት እንደሚሻገሩ መጠየቅ ያለባቸው ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ነው።