ያሳደገ ወላጅ ነው
(የወይዘሮ አበበች ጎበና የሕይወት ታሪክ)



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ከመካከላችን የተለዩትን እናስባለን። ዘንድሮ እኔ የመረጥኳቸው እናት የሰፈራችን ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ዕድርተኛ የሆነ ሁሉ ታሪካቸውን ቢያውቅ ይጠቀማል ብዬ ስላመንኩ ብዕሬን አንሥቻለሁ። እኚህም እናት ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» እያሉ የሚጠሯቸው ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። የክብር ዶክተር ተብለዋል፤ የውጭ አገር ሰዎችም «የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ» ብለዋቸዋል።

ታሪካቸውን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በየስብሰባው የሚያከራክረን አንድ ጉዳይ ነው። አንድ አባል ያሳደገው ልጅ ሲሞትበት ዕድሩ እንደ ልጅ ይቀብርለታል ወይስ አይቀብርለትም? ልጁስ አሳዳጊው ሲሞት ድንኳን ውስጥ እንደ ልጅ ይቀመጣል ወይስ እንደ እንግዳ? አንዱ «ደም ነው የሚቆጠረው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ እንጀራ የበላበት ነው» ይላል። የወይዘሮ አበበችን ታሪክ የሰማ ሰው መልሱን በቀላሉ የሚያገኘው ይመስለኛል።

ወይዘሮ አበበች የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር ነው። ዘመኑ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን የወረረበት ነበር፤ አባታቸውም በዚያው ጦርነት ሞቱ። አባት የሌላትን ሕፃን ተቀብለው ያሳደጓት አያቶቿ ናቸው። ልብ በሉ፤ ኋላ ለስንቱ እናት የሆኑት ሴት ራሳቸውም በአያት እጅ ያደጉ ነበሩ።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እንደ ጊዜው ልማድ ሳይጠየቁ ተዳሩ። ሕፃኗ ሙሽራ ግን አልተቀመጠችም፤ ጠፍታ አዲስ አበባ ገባች። ትምህርት ቤትም ገባች። አድጋም ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ኩባንያ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ትዳርም መሠረተች። በዚያን ጊዜ ደመወዝ ያላት ባለትዳር ሴት ምን ጎደለባት ይባላል? ምንም አልጎደለባትም።

ነገሩ የተለወጠው በወሎ ረሃብ ጊዜ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን ዕድሜያችን የገፋ ሁሉ እናስታውሰዋለን። መንግሥት ነገሩን ሸሽጎ ስለነበር እዚህ አዲስ አበባ ያለው ሕዝብ ብዙም አያውቅም ነበር። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በ1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ እኛ አገር ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለሕዝብ ቀረበ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ወይዘሮ አበበች ግን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በዓይናቸው አይተውታል። ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ ወርደው ነበር። ሲመለሱ በየመንገዱ ዳር የወደቀው ሰው ለእግር ማሳረፊያ አላስገኘ አለ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጸበል ነበር፤ እሱኑ አደሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ተኝታ አዩ። ቀረብ ሲሉ እናትዮዋ ሞታለች፤ ሕፃኗ የሞተች እናቷን ጡት ትጠባለች። ሬሳ የሚሰበስበው ሰውም ሕፃኗ እስክትሞት ነበር የሚጠብቀው። ወይዘሮ አበበች በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዷት። በማግሥቱ ምግብ ይዘው ቢመለሱ ደግሞ አንድ የሚያጣጥር አባት «እኔም መሞቴ ነው፤ ልጄን አድኑልኝ» ብሎ ለመናቸው። ረሃቡ እንዲታወቅ ስለማይፈለግ፣ ልጆቹን የራሴ ናቸው ብለው ደብቀው አዲስ አበባ አስገቧቸው።

ለሹሞች የተናገሩት ያ ቃል እውነት ሆኖ ቀረ። ልጆቹ የእሳቸው ሆኑ።

ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ደግፈዋቸው ነበር፤ ቁጥሩ ሲበዛ ግን ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ምረጪ አሉ። በሰውዬው መፍረድ ይቀላል፤ ግን ከእኛ መካከል 21 ልጅ በአንድ ጊዜ ቤቱ ሲገባበት ደስ የሚለው ማን ነው? ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ከከተማው ወጣ ባለ ዛፍ በበዛበት ስፍራ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ገቡ። ጌጣቸውን ሸጡ፤ ከዚያም እንጀራ እየጋገሩና ጠጅ እየጣሉ መሸጥ ጀመሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ እሳቸው ሸክሙን ብቻቸውን ነው የተሸከሙት።

ከብዙ ድካም በኋላ ረጂ ተገኘ፤ በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበርም ተቋቋመ። ማኅበሩ የሙት ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ማስተማር፣ ሙያ ማሠልጠንና ድሀ እናቶች በልጆቻቸው ላይ በር እንዳይዘጉ የገቢ ምንጭ እንዲያገኙ መርዳት ያዘ። እኔ ትልቁን ቁም ነገር የማየው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ልጅን ከወደቀበት ማንሣት ጥሩ ነው፣ እንዳይወድቅ እናቱን መደገፍ ደግሞ የበለጠ ነው።

ወይዘሮ አበበች ከአብራካቸው የወጣ ልጅ አልነበራቸውም። ሆኖም ያሳደጓቸው ልጆች አድገው ወልደው አያት አደረጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ታመው በሆስፒታል እንዳሉ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ታዲያ ያን ቀን «እናቴን» ብሎ ያለቀሰውን ሰው ሁሉ ማን ነው የደም ዘመድ አይደለህም ብሎ ከድንኳን የሚያስወጣው?

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። የአበው ልማድ በዚህ ነገር ላይ ቸር ነበር። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ወገናችን ያገኘነው ቃል ነው፤ ቃሉም ሥርዓቱም የሁላችንም ሆኗል። የጡት ልጅ የሚባለውም አለ፤ ማር ተቀብቶ ጡት የጠባ ሰው ልጅ ሆኖ ይቀራል። ሕጉም ከልማዱ አይርቅም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ቆጥሮታል፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይኸንኑ አጽንቷል። በኤድስ ዘመንም ብዙ ዕድሮች ከመቅበር አልፈው ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት መጀመራቸው የሚረሳ አይደለም።

አንዳንድ አባሎች «በዚህ ከተከፈተ የማንም ዘመድ እየተጻፈ የዕድሩ ገንዘብ ያልቃል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ገንዘቡ የሁላችን ላብ ነው። ነገር ግን መላ አለው። አባሉ ልጁን ማሳደግ በጀመረበት ጊዜ፣ ሞት ሳይመጣ፣ ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ፤ ሁለት ጎረቤት አባሎችም ከቤቱ የሚያድር፣ ከማዕዱ የሚበላ ልጅ መሆኑን ይመስክሩ። ከዚያ ወዲያ በቅጹ ላይ «ልጅ» ተብሎ ይጻፍ፤ «ዘመድ» ወይም «ጥገኛ» አይባል። ይህን የምለው ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ቅጹን አንባቢ ስለሚሆን ነው።

በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ዳኛችን ይህን ጉዳይ በአጀንዳ እንዲይዙልን በትሕትና እጠይቃለሁ። የእናታችንን የወይዘሮ አበበች ጎበናን ነፍስ እግዚአብሔር በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ የሰው ልጅ አንሥታችሁ የምታሳድጉ አባሎቻችንንም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።