የሰንበት መንገድ፦ በድሬዳዋ የአይሁድን ኑሮ በእግር መፈለግ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ወጣት መምህር ሳለሁ የድሬዳዋን የቀድሞ ነጋዴዎች ታሪክ ከአረጋውያን አንደበት እየሰበሰብሁ በደብተር እመዘግብ ነበር። አንድ የመጋላ ሽማግሌ በልጅነታቸው ይላላኩበት ስለ ነበረ መደብር ሲነግሩኝ፣ ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይከፍት አረብ እንደ ነበረ አወጉኝ። እኔም በዕድሜ ብዛት ዕለቱን ያምታቱ መስሎኝ «ቅዳሜ» የሚለውን ሰርዤ «ዓርብ» ብዬ ጻፍሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ነገሩ ገባኝ። የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። ተመልሼ እንዳልጠይቃቸው ግን ሽማግሌው ዐርፈው ነበር።

በአገራችን «አይሁድ» የተባለ እንደ ሆነ አእምሯችን ወደ ጎንደርና አካባቢው፣ ወደ ቤተ እስራኤል ይሄዳል። ይህም ተገቢ ነው። የዛሬው ርእሴ ግን ከባሕር ማዶ፣ ከአደንና ከየመን፣ የመጡትን ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

እንግሊዞች አደንን በ1839 ያዙ፤ በ1850 ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ወደብ አደረጓት። በከተማይቱ ውስጥ ክሬተር በሚባለው ሠፈር የሚኖር ትልቅ የአይሁድ ማኅበረሰብ ነበር። ከፊሎቹ ነጋዴዎች፣ ከፊሎቹም የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በየመን የብር አንጥረኛነት በአብዛኛው የአይሁድ ሙያ እንደ ነበረ ይታወቃል። የሐረር ቡናና የአገራችን ቆዳ ወደ አደን ገበያ ይጎርፍ ስለ ነበር የአደን ነጋዴ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም።

ከዚያም ባቡር መጣ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ከዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በግርጌውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቈረቈረች፤ ይህችው ድሬዳዋ ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ አረቡ፣ ፈረንሳዩና ጣልያኑ ባቡሩን ተከትሎ ሠፈረ። ከአደንና ከየመን የመጡ አይሁድም ከእነዚሁ ጋር መጡ።

ታዲያ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ በምን እናገኘዋለን? በመዝገብ ብቻ የሚፈልግ ሰው እምብዛም አይቀናውም። አደን የእንግሊዝ ግዛት ስለ ነበረች አደናዊው አይሁዳዊ በወረቀት የእንግሊዝ ተገዢ ነው፤ ከሕንዱ ነጋዴ ጋር በአንድ ዓምድ ይሰፍራል። ቋንቋው ዐረብኛ ስለ ሆነ ገበያተኛው «አረብ» ይለዋል። መዝገቡ በአንድ ስም፣ ገበያው በሌላ ስም ሲጠራው፣ እርሱ በቤቱ ራሱን የሚጠራበት ስም ሳይጻፍ ይቀራል። የእኔ ደብተርም ከመዝገቡና ከገበያው የተሻለ አልሠራም።

ስለዚህ እኔ የያዝሁት መንገድ እግር ነው። በሐዋርያት ሥራ «የሰንበት መንገድ» የሚለውን አነጋገር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በአይሁድ ሥርዐት ይህ ልክ ከከተማው ዳርቻ ጀምሮ ሁለት ሺህ ክንድ፣ በዛሬው መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማው ውስጥ ግን ሰው እንደ ልቡ መመላለስ ይችላል፤ የማይፈቀድለት በእንስሳም ሆነ በተሽከርካሪ መሄድ፣ እሳት ማንደድና በአደባባይ ዕቃ መሸከም ነው። እንግዲህ ሰንበትን የሚጠብቅ ሰው ጋሪ ሳይሳፈር ከጸሎት ቤት ደርሶ መመለስ ስላለበት ቤቱን ሲከራይ የጸሎት ቤቱን ርቀት በእርምጃ ይለካል።

ድሬዳዋ ለዚህ የተመቸች ነበረች። ከባቡር ጣቢያው ተነሥቶ በከዚራ ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ የተጠለሉ ጎዳናዎች እስከ ደቻቱ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በጋ ከሆነ የደቻቱን ደረቅ አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ይገባል። ይህን መንገድ ከተማሪዎቼ ጋር በተደጋጋሚ ተጉዤዋለሁ። ዓርብ ሙስሊሙ ለጁምዓ፣ እሑድ ክርስቲያኑ ለቅዳሴ በሚሄድበት ጎዳና መካከል የቅዳሜን እግረኛ ማሰብ ከባድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቅርበት ብቻውን ማኅበረሰብ አያቆምም። ቍጥርም ያስፈልጋል። አይሁድ ኦሪትን በጉባኤ ለማንበብም ሆነ ለሞተ ዘመድ ቃዲሽ የተባለውን ጸሎት ለማድረስ በልማዳቸው ዐሥር አዋቂ ወንዶች ይሻሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ለመቀደስ አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ፤ በአካባቢያችን በሚበዛው በሻፊዒ መዝሀብም ለጁምዓ ሶላት አርባ ወንዶች ይጠየቃሉ። ከዚህም በላይ በሥርዐታቸው የሚያርድ ሰው ሊኖር ይገባል። የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ተለይቶ በሚሸጥበት ከተማ ሦስተኛ ቢላዋ ያሻል ማለት ነው። የኦሪት ጥቅልል፣ የመንጻት መታጠቢያና የመቃብር ቦታም አለ። ትንሽ ማኅበረሰብ ይህን ሁሉ የሚሸከመው በጥቂት ትከሻዎች ላይ ስለ ሆነ የአንድ ቤተሰብ መሄድ በሁሉም ላይ ይከብዳል።

መሄዱም አልቀረም። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ መሆኗ አበቃ፤ የንግዱም ማእከል ቀስ በቀስ ወደ ዋና ከተማው አዘነበለ። አደናውያን አይሁድ በአዲስ አበባ ምኵራብ ነበራቸው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለማይ በ1973 የቤተ እስራኤልን ዜማ ለማጥናት መጥታ ከአንድ የአዲስ አበባ አደናዊ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ተሳሰረች፤ በ1991 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፏም የዚያን ማኅበረሰብ ኑሮ አሳይታናለች። ድሬዳዋ ግን እንዲህ ያለ ምስክር አላገኘችም።

ከውጭ የመጣው ነፋስም ቀላል አልነበረም። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ የጣልያን አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪተርቦ የተባለ ጠበቃ ልኮ በኢትዮጵያ የሚኖሩትን አይሁድ ለማደራጀት ሞከረ። በ1938 ያው የፋሺስት መንግሥት በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጀ። በታኅሣሥ 1947 በአደን በተነሣው ሁከት 82 አይሁድ ተገደሉ፤ በ1949 እና 1950 ወደ 49,000 የሚደርሱ የየመን አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓዙ። በዚህ ወገን ለቀሩት ዘመድም መምህርም የምትልከው እናት ከተማ ነጠፈች። በ1973 ኢትዮጵያና እስራኤል የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን አቋረጡ፤ በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ተወረሰ። ዐዋጁ በአይሁድ ላይ ያነጣጠረ አልነበረም፤ ግሪኩም አርመኑም ሕንዱም በዚያው ማዕበል ተበትኗል። ሆኖም ከዐሥር ጥቂት ለሚበልጥ ጉባኤ የሁለት ቤተሰብ ስደት ምኵራቡን መልሶ ተራ ቤት ያደርገዋል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ድሬዳዋ የብዙ ሕዝብ ከተማ ናት እያልን እንኮራለን፤ ኩራቱም እውነት አለው። ነገር ግን ትልልቆቹን ቆጥረን ትንንሾቹን በጎረቤታቸው ስም ከጠራናቸው ኩራታችን ጎደሎ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ከከተማ የሚጠፋው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ሲሄዱ፣ ቀጥሎም እኛ ስማቸውን ስንሰርዝ። የመጀመሪያውን ማስቀረት አልቻልንም። ሁለተኛው በእጃችን ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፤ አሮጌዎቹ ቤቶች በአዳዲስ ሕንጻዎች እየተተኩ፣ አረጋውያኑም አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው። ጊዜያችሁ አጭር ነው። ወደ ከዚራና ወደ መጋላ ስትሄዱ ሽማግሌዎቹን «አይሁድ ነበሩ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ምናልባት በዚያ ስም አያውቋቸውም። ይልቁንስ ቅዳሜ የሚዘጋው መደብር የትኛው እንደ ነበረ፣ የራሱን ሥጋ የሚያርደው ጎረቤት ማን እንደ ነበረ፣ ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ መብራት የሚበራው በየትኛው ቤት እንደ ነበረ ጠይቁ። የነገሯችሁንም ሳታርሙ ጻፉ።

ያን ደብተር ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። ስርዙን አልፋቅሁትም፤ ከላዩ «ቅዳሜ» ብዬ ጽፌበታለሁ።