ስለ ዱር እሳት አጠባበቅ፤ የባሌ ምሳሌ

የሀገራችን ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም፤ ሰው ከዱር ጋር የኖረበትም ታሪክ ነው። በዚህ አጭር ጥናት ከሰንጋ ተራ ወጣ ብለን የባሌን ተራሮች እንመለከታለን።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት አዳርሷል። ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች በቅጠልና በአፈር ታገሉት፤ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ባለሙያዎች መጡ፤ ይበልጡን ያበረደው ግን ዝናብ ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን በእረኞችና በማር ቆራጮች ላይ ይጥላሉ። ነገሩ ግን ሁለት መልክ አለው። የባሌ እረኞች ከጥንት ጀምሮ ያረጀውን አስታ በበጋ ያቃጥላሉ፤ ይኸውም ለከብት ለምለም ሣር እንዲበቅል ነው። እንደገና የሚያቆጠቁጠው አስታ ለብዙ ዓመታት እሳት አይዘልቀውም፤ ስለዚህ ቀድሞ የተቃጠለው ቦታ ለአዲሱ እሳት ወሰን ይሆናል። ማቃጠል ፈጽሞ ሲከለከል ግን ማገዶው ይከማቻል። ቢሆንም ልማዱ ለአስታ እንጂ ለሐረና ጥቅጥቅ ደን አይበጅም፤ የደን ዛፍ ቶሎ አይተካምና።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች መጥተዋል። እርዳታው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው የሚደርሰው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ጎረቤቱ ገበሬ ግን ከመነሣቱም በፊት እዚያው አለ። ስለዚህ የትኛው ይቃጠል፣ የትኛው ይጠበቅ የሚለውን የአካባቢው ሽማግሌዎችና የፓርኩ ሹማምንት አንድ ላይ ሆነው ሊወስኑት ይገባል እንላለን።