መጽሐፍ በጠፋበት አገር የቀረ ጾም

ከጅማ በስተ ሰሜን፣ ስመ ጥሩው የሊሙ ቡና በሚለቀምበት አገር፣ በቀድሞ ዘመን እናርያ የሚባል መንግሥት ነበረ። በ1588 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዓፄ ሠርፀ ድንግል ወደዚያ በዘመቱ ጊዜ የአገሩ ገዥ ባዳንቾ ክርስትናን ተቀበለ። በ1613 ዓ.ም. ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ወደ ማሊንዲ የሚያደርስ መንገድ ሊፈልግ በእናርያ አለፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ማኑኤል ደ አልሜይዳም የዚያን አገር ሰዎች በኢትዮጵያ ካሉት ሁሉ የተሻሉ አድርጎ አመስግኖ ጽፎአል።

ነገር ግን በንጉሥ ጥምቀት የቆመ ሃይማኖት በንጉሥ ውድቀት መፈተኑ አይቀርም። በ1710 ዓ.ም. ገደማ የእናርያ የመጨረሻው ንጉሥ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ከፋ ሸሸ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከሰሜን የሚላክ ካህንም መጽሐፍም ቀረ።

ከዚህ በኋላ 150 ዓመት ያህል አልፎ፣ ካቶሊካዊው ጳጳስ ማስያስ ከ1859 እስከ 1861 ዓ.ም. በከፋ ተቀመጡ። በዚያም ከጥንት ክርስቲያኖች የተወለዱ ወገኖችን አገኙ። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳት መጻሕፍት አልነበሩአቸውም፤ ትምህርቱንም ዘንግተውት ነበር። ሆኖም የቅዱሳኑን ስም ይጠራሉ፤ ጾምና በዓልም ያከብራሉ። ንጉሥ ያወጀው ጠፍቶ፣ እናት ለልጅዋ በማጀት ያሳየችው ቀርቶ ተገኘ።

በዚያው ዘመን በሊሙ በሰቃ፣ በጅማም በሂርማታ ገበያ፣ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከዚያ የተነዳው ባሪያ በክርስቲያኑ አገርም ገዥ አላጣም። በዚያ ግን ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ ካህናቱ ቅኔ ይቀኛሉ፤ ፍትሐ ነገሥቱም ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ መሆኑንና ባሪያን ማውጣት በጎ ሥራ መሆኑን ያስተምራል። ማተቡን አስሮ፣ ረቡዕና ዓርብን ጾሞ፣ ወንድሙን በአሞሌ የሚገዛ ሰው አልጠፋም። ባርነት በአገራችን በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገን ማን የበለጠ ጎደለበት? የከፋው ሰው መጽሐፉን አጥቶ ጾሙን ያዘ፤ ስለምን እንደሚጾም ግን የሚነግረው አላገኘም፤ ጾሙም ልማድ ወደ መሆን አዘነበለ። ባሪያ ገዥው መጽሐፉን ይዞ ምሕረትን ጣለ። ለፊተኛው አስተማሪ በተላከለት ጊዜ ጉድለቱ ይሞላለት ነበር። ለኋለኛው ግን ምን ይላክለታል? አስተማሪው በደጁ ነበረና። ሐዋርያው ያዕቆብ እምነትን ከሥራ ያልለየው ስለዚህ ነው።

ሰቃና ሂርማታ ሰው የሚሸጥባቸው ገበያዎች መሆናቸው ቀርቶአል፤ ፈተናው ግን ከገበያ አልወጣም። ዛሬ በአጋሮና በሊሙ ገነት የክርስቲያኑ ነጋዴ ሃይማኖት የሚታወቀው ቡናው በሚመዘንበት ሚዛን፣ ለለቃሚዋ በሚቈጠረው ደመወዝና በቤቱ ያለችው ሠራተኛ በምትጠራበት ቃል ነው። ልጁም ከአባቱ የሚወርሰው በቅዳሴ የሰማውን ብቻ አይደለም፤ ከቅዳሴ መልስ በመደብሩ ያየውን ነው።